ድምፅ የሌላት መኪና

አሰላ ውስጥ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ መኪና የያዘ ሰው ሰላምታ አያገኝም። እንዴት ዋልክ ሳይባል ባትሪው ነው የሚጠየቀው። «አልደከመም? ዳገት ላይስ እንዴት ናት?» ይሉኛል። ባትሪው እኔን ቀብሮ ይተርፋል፣ ዳገቱንም ትወጣለች እላቸዋለሁ። ሰልችቶኛል።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጄን ጠይቄ ከአዳማ ስመለስ ከኢተያ በኋላ መኪናዋ ታጉረመርማለች። ዳገቱ ባትሪውን ያዳክመውና ሥራው ሁሉ ቤንዚን ሞተሩ ላይ ይወድቃል። አሰላ ገብቼ ሜዳው ላይ ቀስ ስል ግን ሞተሩ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በተረፈችው ባትሪ ሰፈሬ ያለ ኮሽታ እገባለሁ። ውሻ እንኳን አይጮኽብኝም።

የድሮዋ ናፍጣ መኪናዬ ሰፈር የምትቀሰቅስ ነበረች። ባለቤቴ ድምጿን ከሩቅ ስለምትለየው ክላክስ ማድረግ አያስፈልገኝም ነበር፤ ኩርባውን ስታጠፍ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር። «ይቺ መኪና ከጎረቤት ልታጣላን ነው» እያለች ትነጫነጭ ነበር። ድምፅ የሌላት ግዛ ብላ የጨቀጨቀችኝም እሷው ናት። እሺ ብዬ ገዛሁ። መኪናዋ እጄ ሳትገባ ባለቤቴ አረፈች።

ትናንት ከአዳማ ተመልሼ በራችን ላይ ቆምኩ። እንደ ድሮው እጄን መሪው ላይ አድርጌ በሩ እስኪከፈት ጠበቅኩ። ዘገየብኝ። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ባለቤቴ አልሰማችኝም ብዬ፣ በራሴ በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ክላክስ አደረግሁ።