በጀሶ እጄ አውሮፕላን ያዘዝሁ ሰሞን

በቅሎዬ ጥላኝ ቀኝ እጄ የተሰበረው ጤፍ የሚዘራበት ሰሞን ነበር። ቤቴ ቢቸና ነው። ሞጣ የሚኖረው ልጄ መጥቶ ወሰደኝና እጄን በጀሶ አሳሰረኝ። "ጀሶው ሳይፈታ የትም አይሄዱም" አለ። በሬዎቼ ሥራ ፈተው፣ መሬቴ ዳዋ ለብሶ፣ እኔ እዚህ ተጎልቼ ልብላ? እምቢ አልሁ።

ልጄ ኮምፒውተር ላይ የአውሮፕላን ጦርነት ይጫወታል፤ ያውም የሁለት ልጆች አባት ሆኖ! ጭቅጭቄ ሲበዛበት ጊዜ፣

"እሺ አባዬ" አለኝ፣ "አንድ የጠላት አውሮፕላን ከጣሉ ቅዳሜ ሚኒባስ አሳፍሬ እልክዎታለሁ። ካልጣሉ ግን ጀሶው እስኪፈታ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።"

"በአንድ እጄ?"

"መሪውን በግራዎ ይያዙ፣ የቀረውን በአፍዎ ይዘዙ። አፍዎ መቼ ተሰበረ?"

ምራቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ለካ ድምፅ የሚሰማ ሶፍትዌር ጭኖበታል። "ጎማ" ስትለው ጎማውን ያወጣል። "ተከተለኝ" ስትለው ከጎንህ የሚበረው ባልንጀራ ይከተልሃል፤ ባልንጀራ ያልሁት ኮምፒውተሩ ራሱ የሚነዳው አውሮፕላን ነው። ልጄ ቃላቱን በእኔው ድምፅ አስለመደው። ዕድሜዬን በሙሉ በሬ በአፌ ስነዳ ኖሬ ይኼ አያቅተኝም። ችግሩ ስድብ አለማወቁ ነው። "ተከተለኝ፣ አንተ ሰነፍ!" ስለው ጭጭ።

"አባዬ፣ ስድቡን ይተውት፤ ትእዛዙን ብቻ!"

እንዲህ ያለ ደረቅ ትእዛዝ በሬዎቼም አይሰሙኝ።

የውርርዱ ዕለት ጠላት ፊት ለፊቴ ገባልኝ። "ምታ" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እዚህ ላይ የባልንጀራዬ ክንፍ ጨሰና ወደ ኋላ ቀረ።

"ይምቱት አባዬ! ይምቱት እንጂ!"

"ባልንጀራዬስ?"

"ይተውት፣ ኮምፒውተር ነው!"

እኛ ዘንድ አንዱ በሬ ከደከመ ጥማዱ ይፈታል፤ በቀረው ልረስ የሚል ገበሬ የለም። "ተመለስ" አልሁት። እኔም መሪዬን አዙሬ ከጎኑ ሆኜ ተመለስሁ። ሁለታችንም ደህና አረፍን። ጠላትም በሰላም ቤቱ ገባ።

"ተሸነፉ" አለ ልጄ።

"ተሸነፍሁ። ቃሌን አላጥፍም፣ እቀመጣለሁ" ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ።

ልጄ ኮምፒውተሩን ዘጋ። ኋላ፣ "በሬዎቹ አሁንም ያውቁኝ ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ። ቅዳሜ ሚኒባሱ ላይ እሱ ተሳፈረ። እርፍ ከጨበጠ ስንት ዘመኑ!

ሰኞ ማታ ወደ ባለቤቴ ደወልሁ።

"ትልሙ እንዴት ነው?"

"እባብ የሄደበት ይመስላል።"

"ብቻ ለእሱ እንዳትነግሪው።"

"ምን ልንገረው? መቆም አቅቶት ወገቡን በቅቤ እያሸሁት ነው። ላንተ እንዳልነግርህም አስምሎኛል።"