ለቅቤ ነጋዴዋ ሚስቴ ዋስ ልሆን የሄድኩ ዕለት

ሴት በንግድ እንዲቀናት ምን ይበጃታል ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ እኔን፣ በዕድሜዬ አንዲት ሎሚ እንኳ አትርፌ ሸጬ የማላውቀውን። ባሏ አፉን ቢይዝላት ይበጃታል እላለሁ። ከራሴ አይቼ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ክራባቴ ከደሞዜ የሚረዝም። ባለቤቴ ደግሞ መርካቶ፣ ቅቤ ተራ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትሸጣለች። ጠዋት በኮባ ጠቅልላ የደረደረችው ቅቤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ይፈስባታል። ጣሪያ ካላገኘች ንግዱን ልትተወው ነው። አንድ የወሎ ሐጂ ጥግ ላይ ያለች ጠባብ ሱቃቸውን እንደሚያከራዩ ሰምታ ብትሄድ፣ ዋስ ይዘሽ ነይ አሏት።

ዋስማ እኔ እያለሁ። ጫማዬን አስጠርጌ፣ ኮቴን ደርቤ አብሬያት ሄድኩ። ሐጂ ወንበር ሳቡልኝና ስለ ቅቤው ንግድ ጠየቁኝ። የቅቤ ነጋዴ ባል መባሉ ከበደኝ መሰለኝ፣ እግሬን አነባብሬ፣ “ኧረ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው። እኛ እንኳ የመንግሥት ሠራተኞች ነን” አልኩ።

ሐጂ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። ጊዜ ለምታሳልፍ ሴት ሱቅ እንደማይሰጡ፣ እንዲህ ያለችው በወሩ ቆልፋ እንደምትጠፋ በትሕትና ነገሩኝ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

“ሐጂ፣ የእሳቸው ደሞዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እሳቸውን የሚያበላው ይሄው ቅቤ ነው።”

ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “እንግዲያው ለእርስዎም ዋስ ሊፈለግልዎ ነው” አሉኝ።

ባለቤቴ ወጥታ ተራው ላይ አጠገቧ የምትሸጠውን ሴትዮ ይዛ ተመለሰች። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሲነጣጠቁ ሰፈር ይሰማቸዋል። ሴትዮዋ ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማችም፤ “የእሷን እኔ እችላለሁ” አለች። ሐጂም ዋስነቷን ተቀበሉ።

ውሉን እኔ ጻፍኩት፤ ለዚያ ለዚያ አላንስም። ፊርማ ላይ ስንደርስ የሴትዮዋ አውራ ጣት ቅቤ ጠጥቶ ኖሮ ቀለሙን አልቀበል አለ። ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥባ አተመች።

በማግስቱ ከቢሮ ሾልኬ ከሰዓት ሱቁ ብቅ ብል፣ ቅቤው ሳይቀልጥ እንደ ጠዋቱ ተደርድሯል። ደስ ብሎኝ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

“ዞር በል እንጂ፣ ገበያ አትዝጋብኝ” አለችኝ።