የሰይጣን ዐይን የነበረበት ግድግዳ

ልጅ እያለሁ የሰይጣንን ዐይን በምስማር አውጥቻለሁ። ለዚያች አንዲት ዐይን ክረምቱን ሙሉ ተቀጣሁ። ዘንድሮ ግድግዳውን ከነመላእክቱ ያጠፉት ሰዎች ግን እልልታና ጭብጨባ ነው የተቀበሉት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ከዳንግላ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬደው የሰፈራችን ሚካኤል ከውጭ ሲታይ ተራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ጣሪያው የቀርከሃ ሥራ፣ ከዘመን ብዛት በጧፍ ጭስ የጠቆረ። የመቅደሱ ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሥዕል። በሴቶች በኩል፣ እኔና እናቴ በምንቆምበት፣ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ሰይጣንን ረግጦታል። መልአኩ በሁለት ትልልቅ ዐይኖቹ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉ ግን በጎን ስለሚሣል ሰይጣን አንዲት ዐይን ብቻ ነበረችው። ቅዳሴው ሲረዝምብኝ እርጥቡ ቄጠማ ላይ ቁጭ ብዬ እሷን አያለሁ፤ እሷም እኔን።

አሥር ዓመቴ ላይ እናቴ ታመመች። ትኩሳቱ አልለቅ ሲላት ጎረቤቶቻችን “ሰይጣን ነው የያዛት” ሲሉ ሰማሁ። የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ! ከአጥራችን በር ምስማር ነቅዬ ሄድኩና፣ ካላየ ወደ ቤታችን አይመጣም ብዬ፣ ልስኑ እስኪቦረቦር ዐይኑን ቆፈርኩት።

እናቴ በሳምንቱ ተነሣች። ያዳናት የጤና ጣቢያው መርፌ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ስለዚህ የደብሩ መሪጌታ፣ መሪጌታ አድማሱ፣ “ይኼን ማን አደረገው?” ብለው ሲቆጡ “እኔ ነኝ” አልኳቸው፣ ያውም እየኮራሁ። አልመቱኝም።

“አንቺ ልጅ፣ አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እኛም ያለን ይኼው ግድግዳ ነው” አሉኝ። “እኔ አልደፍነውም። ያየ ሁሉ ይጠይቅሽ፣ አንቺም መልሺ።”

ክረምቱን በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቆሜ፣ የጠየቀኝን ሁሉ ከጥፋቴ ጀምሬ፣ መሪጌታ ያስጠኑኝን የግድግዳውን ሥዕል ታሪክ እስከ ጫፍ እነግረው ነበር። መጀመሪያ በዕንባ፣ ኋላ ኋላ በደስታ። መስከረም ሲጠባ፣ ከሚካኤል ጎን የተሣለው የጊዮርጊስ ፈረስ እንደ አገራችን የበዓል ፈረስ መሸለሙን ሳይቀር ዐይኔን ጨፍኜ እናገረው ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ከስንት ዓመት በኋላ ሄድኩ። የእድሳት ኮሚቴው ሰብሳቢ አብሮ አደጌ ነው፤ በሩ ላይ ተቀብሎ አስገባኝ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ጅብሰም፣ የመቅደሱ ግድግዳ የሚያንጸባርቅ ሰማያዊ የዘይት ቀለም። ሚካኤል በነበረበት ከከተማ የታተመ ባነር ተሰቅሏል።

“ሥዕሉስ?” አልኩት።

“ተይው እቴ! እሱማ ጠቁሮ፣ ተላልጦ ነበር። ይኼ በውሃ ይታጠባል።”

በውሃ ይታጠባል! “የእናትህ ፊት ቢጨማደድ ትለስነዋለህ?” ብዬ ጮኽኩበት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከጓዳቸው ቅቤ ሳይቀር ያዋጡትን እናቶች አልወቅስም፤ ለእግዚአብሔር ቤት ነው የሰጡት። የምቆጣው አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቅ ብሩሽ ባነሣው ላይ ነው። በራሴም ላይ ጭምር፤ መልሺ የተባልኩ እኔ የት ነበርኩ? መሪጌታ ካረፉ ቆይተዋል።

ባነሩን ገለጥ አድርጌ እጄን በቀለሙ ላይ አሳለፍኩ። ወገቤ ጋ ስደርስ ጣቴ ጉድጓድ አገኘ፤ ቀለሙ አልሞላውም። ከዚያ ሁሉ ሥዕል የተረፈው እኔ ያጠፋሁት ብቻ ነው።

ነጠላ የለበሰች አንዲት ትንሽ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። “እትዬ፣ ምን አለ እዚያ?” አለችኝ።

ጣቷን ይዤ ጉድጓዱ ላይ አደረግኩላትና፣ እንደ ድሮው ከጥፋቴ ጀመርኩ። ያኔ “ይኸውና ሚካኤል” እል ነበር። አሁን ሰማያዊ ቀለም እያሳየኋት “እዚህ ጋ ሚካኤል ነበር” አልኳት።