ማንም ያልጠጣበት ኩባያ

የወሰዱኝ ከሱቄ ነው፤ ኒውላንድ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ስር በሚሰበስብበት ሰዓት። ለአንዲት ሴት ሳሙና እያቀበልኩ ነበር። ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው «ባለሱቁ አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ ቶሎ ትመለሳለህ።» ሴትየዋ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ ከባንኮኒው ስር ከሰላት በፊት የምታጠብበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያዬን አንስቼ ተከተልኳቸው። ስንት ዕቃ በሞላበት ሱቅ ለምን እሱን እንዳነሳሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቶሎ እንደማልመለስ ሆዴ ነግሮኝ ይሆናል።

ድንበሩ ዳር ወዳለችው ማታር ዕቃ እልክ ነበር፤ ስኳር፣ ጨው፣ የባትሪ ድንጋይ። ከድንበር ማዶ ላሉ ታጣቂዎች ስንቅ ታቀብላለህ አሉኝ። የሸጥኩትን ስኳር ማን እንደሚልሰው በምን ላውቅ እችላለሁ? ይህንኑ ለመርማሪው ነገርኩት። እሱም ጻፈው፤ ሲጽፈው ግን እኔ ከተናገርኩት በጣም ረዘመብኝ።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብና ረጅም ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ያለች ቀዳዳ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ። ቀጥሎ ዝምታው። ከውጭ ሆኜ ወሬያቸውን ሰምቻለሁ፤ ስገባ ግን ሁሉም አፉን ዘጋ። አዲስ ገቢ፣ ደገኛ፣ ነጋዴ፣ ያውም ማንቆርቆሪያ ይዞ መግባት የተፈቀደለት። ጆሮ ጠቢ ነው ብለው እንዳሰቡ ወዲያው ገባኝ። በነሱ ቦታ ብሆን እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር።

የክፍሉ ካቦ፣ እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት ኃላፊ ማለት ነው፣ ጸጉሩ የሸበተ አኝዋ ነበር። ድሮ አስተማሪ ስለነበር ሁሉም «ቲቸር» ይለዋል። መተኛዬን አሳየኝና ደንቡን ነገረኝ። ቦታ አትቀይርም። የሰው ጉዳይ አትጠይቅም። አዲስ ገቢ የውሃ ተረኛ ነው።

«ሥራው ቀላል ነው» አለኝ። «ለሁሉም እኩል ቅዳ። እዚህ ሰው በሌላ ነገር አይጣላም፤ በውሃ ነው የሚጣላው።»

በማግስቱ ጠዋት ፍተሻ መጣ። ፖሊሶቹ ሳህን፣ ገመድ፣ ጠርሙስ፣ ያገኙትን ሁሉ ለቃቅመው ወሰዱ። ለክፍሉ በሙሉ አንድ የላስቲክ ኩባያ ብቻ ተዉ። አንደኛው ማንቆርቆሪያዬን አንስቶ አየና «የሰላቱ ነው፤ ይቅር» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አመሰግነው ነበር። የዚያን ቀን ግን ምነው በወሰደብኝ አልኩ፤ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አርፎ ነበርና።

ቀን ላይ ጄሪካኑ ገባ። ማደሉን ከግራው ግድግዳ ጀመርኩ። እዚያ ከማታር የመጣ ኑዌር ጀልባ ነጂ አለ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት። ጠጥቶ ኩባያውን መለሰልኝ። ሌሎቹን አዳርሼ ወደ ቀኙ ግድግዳ ተሻገርኩ። እዚያ ደግሞ ሌላ ኑዌር፣ በጣም ረጅም ሰው፣ ተኝቷል፤ ከመያዙ በፊት ኩሌ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ አስተርጓሚ ነበር። ወባ ጥሎት በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ኩባያውን ሞልቼ ሰጠሁት። ወደ ከንፈሩ አስጠጋው፤ ገና ሳይነካው ቆመ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ወደ ጀልባ ነጂው ተመለከተ፤ ኩባያውንም ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ጠጣ እንጂ ወንድሜ፤ ትኩሳት ይዞሃል» አልኩት።

«አልጠጣም።»

ጀልባ ነጂው ከተቀመጠበት ተነሳ። መሃል ላይ የነበሩት እግራቸውን ሰበሰቡ። መርዝ የሰጠሁት መስሎታል ብዬ አሰብኩ። ጄሪካኑን ይዤ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

ቲቸር በፍጥነት መጥቶ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ሳልነግርህ ረስቼው ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሁለቱ ሰዎች ቤተሰብ መካከል ደም አለ። በከብት ተጣልተው ሰው ሞቷል፤ እርቁ ገና አልወረደም። እስኪወርድ ድረስ በአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። ዕቃው የሌላ ሰው ቢሆንም ያው ነው። ከጠጡ ሞት ይመጣል፤ እንደዚያ ነው የሚያምኑት።»

«እስከ ዛሬ እንዴት ኖሩ ታዲያ?»

«ለየግድግዳው የራሱ ኩባያ ነበረን። ጠዋት ወሰዱት።»

«አንተ ታምንበታለህ?»

«እኔ አኝዋ ነኝ» አለ። «ግን እዚህ ክፍል ሰው እንዲሞት አልፈልግም። በወባም ይሁን በዚህ።»

በሩን አንኳኳንና ሌላ ኩባያ ጠየቅን። «ሆቴል የገባችሁ መሰላችሁ እንዴ?» አለ አንዱ ድምፅ፤ ኮቴው ራቀ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ከሰዓት አልገፋ አለ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። የበሽተኛው ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ቲቸር ቀና አድርጎ አስቀመጠውና መዳፉን እንዲገጥም ነገረው፤ እኔ ከጄሪካኑ አፈሰስኩለት። እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ውሃው በክርኑ ወርዶ አለቀ። በጣቶቹ መሃል የቀረችውን እርጥበት ላሰ። ደግመን ሞከርን፤ ያው ሆነ። እኔ እንደ ሕፃን በእጄ ላጠጣው ብል እጄን ገፋው።

ፈራሁ። ይህ ሰው ቢሞት የመጨረሻውን ኩባያ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ውጭ ያሉት ምን እንደሚጽፉ፣ ውስጥ ያሉት ምን እንደሚያደርጉኝ እያሰብኩ ጄሪካኑን እንዳቀፍኩ ተቀመጥኩ። ማንም አያናግረኝም። ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ጀልባ ነጂው ኩባያውን በእጁ መለሰው፤ አልጠጣም። ተቆጥቶብኛል አልኩ። ጥቂት ቆይቶ በጣቱ ጠራኝ።

«ባለሱቅ፣ ና።»

ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ከመናገሩ በፊት ወደ ቀኙ ግድግዳ ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ።

«ያ ያንተ ዕቃ፣ የጸሎቱ። ማን ጠጣ በሱ?»

«ማንም። እጅና እግሬን ነው የምታጠብበት።»

«እኔ ነካሁ?»

«አልነካህም።»

«ለሱ ስጥ። እኔ አልኩ አትበል።»

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። የእግር መታጠቢያን ለሰው፣ ያውም በሰው ፊት፣ ጠጣበት ብሎ መስጠት ስድብ ነው። ተሰደብኩ ብሎ ቢቆጣስ? ግን ሌላ ምን ነበረኝ? ከኪሴ ቁራጭ ሳሙና አወጣሁ። በሽተኛው እያየኝ ማንቆርቆሪያውን ውስጡንም አፉንም ፈተግኩ፤ ከራሴ ድርሻ ውሃ ቀንሼ አለቀለቅኩት። ከዚያ ፊቱ ተቀምጬ እቅጩን ነገርኩት።

«እግሬን የምታጠብበት ነው፤ ሌላ የለኝም። ከዛሬ ጀምሮ ካንተ በስተቀር ማንም አይጠቀምበትም። እኔም ጭምር።»

ማንቆርቆሪያውን አየ፤ እኔን አየ።

«አንተ በምን ትታጠባለህ?» አለኝ።

መዳፎቼን ግድግዳው ላይ ባለው አቧራ ላይ አሳረፍኩ፤ ፊቴንና እጆቼን አበስኩ። «ለቸገረው ሰው በአቧራ መታጠብ ተፈቅዷል» አልኩት።

በሽተኛው አፉን ከፈተ፤ እኔ አንቆረቆርኩለት። የማንቆርቆሪያው አፍ ቀጭን ስለነበር ውሃው ሳይባክን በቀጥታ ወረደለት። ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማኝ ነበር። ጀልባ ነጂውን ለማየት ዞር ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሰውየው ጠጥቶ እስኪጨርስ አልዞረም። ከዚያ በኋላ ኩባያውን ጠየቀኝና አንድ ጊዜ ሳይተነፍስ ጨለጠው። የዚያን ዕለት የማን ሐሳብ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ ወሬ ስገባበት መቋረጡ ቀረ። ቲቸር መተኛዬን ወደ መስኮቱ አቀረበልኝ። የአስተርጓሚው ትኩሳት በቀናት ውስጥ በረደ። በየውሃው ሰዓት አስተርጓሚው ሲጠጣ ጀልባ ነጂው ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ጀልባ ነጂው ሲጠጣ ደግሞ አስተርጓሚው እንደዚያው። ሁለቱ ሲነጋገሩ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።

የተፈታሁት እንደተያዝኩት በድንገት ነው። ማንቆርቆሪያውን ትቼለት ወጣሁ። ቆይቶ ጀልባ ነጂውም ተፈታ። አስተርጓሚውን ግን ወደ ሌላ ቦታ እንዳዛወሩት ሰማሁ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ዛሬም እዚያው ሱቅ ነኝ። በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር አሁንም የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጬ እነሳለሁ፤ ሚስቴ «ተው፣ ስኳር ጫኝ ነው» ትለኛለች። ባለፈው ክረምት ጀልባ ነጂው ዕቃ ሊገዛ ከማታር መጣ። እንዳየሁት ደስታው አቅሌን አሳተኝ። ከመደርደሪያው አዲስ ኩባያ አውርጄ ውሃ ሞላሁለት። እጁን አልዘረጋም።

«ያ ሰው እዚህ መጣ?»

«አልመጣም።»

«የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

ኩባያውን በአገጩ አመለከተኝ። «እርቅ አልሆነም» አለ። «እሱ ሊመጣ ይችላል። ይሄ ለሱ ይሁን።» ወጥቶ ደጅ ካለው ቧንቧ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ጠጣ።

ውሃውን ደፍቼ ኩባያውን ከባንኮኒው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ደንበኛ ሊያወርደው ሲል «ባለቤት አለው» እላለሁ፤ ሌላ እሰጠዋለሁ። በየሳምንቱ አቧራውን አብሳለሁ። ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆሞ ብርሃኑን ሲጋርድብኝ እጄ ሳላዘው ወደ ሚስማሩ ይሄዳል። እስካሁን የገባው ሁሉ ሌላ ሰው ነው።