በሁዳዴ የተመረጠ ሰንጢ

የልጅ ልጄ ዮናስ እዚሁ ላሊበላ አስጎብኚ ነው። ሰሞኑን አሸተን ማርያም ድረስ ወስዶ በደህና የመለሰው አንድ ፈረንጅ የሰንጢ ፎቶዎች ስልኩ ላይ ጭኖለት፣ «ከእነዚህ ውስጥ የወደድከውን ሰንጢ ምረጥ፤ አገሬ ስገባ እልክልሃለሁ» ብሎት ሄደ። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ ዕረፍት የለውም። ስልኩን ይዞ አጠገቤ ይቀመጥና በጣቱ እየገፋ ያሳየኛል። እጀታው የቀንድ፣ እጀታው የእንጨት፣ ስለቱ ጥቁር፣ ስለቱ እንደ ውሃ ሞገድ የተሸበለለ። አንዱን ወደድኩ ስል ሌላው ይመጣል።

«አባባ፣ ይሄኛው ዝገት አያውቅም» ይለኛል። «ይሄኛው ደግሞ በአንድ እጅ ይከፈታል።»

በአንድ እጅ ይከፈታል ሲለኝ ሳቄ መጣ። እኔ ሰንጢ በስልክ አይመረጥም ባይ ነኝ። ሰንጢ በመዳፍ ይመዘናል፣ ሲከፈት በጆሮ ይደመጣል። ፊደሉ ላይ ብዙም አልገፋሁም፣ ይህን ግን አውቃለሁ፤ በጎረምሳነቴ አንድ ሁዳዴ ሙሉ ሰንጢ ስመርጥ ከርሜአለሁና። ሚስት የማገኘውም የማጣውም በዚያ ሰንጢ ነበር።

ያን ጊዜ በቅሎ ለመንገደኛ አከራይ ነበር። ልቤ ደግሞ ብርቄ ላይ ነበር። ብርቄ የአያ ፈንታው ልጅ ናት። አያ ፈንታው ከወገል ጤና እስከ ሙጃ ገበያ የታወቁ የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። ኅዳር ላይ አንዲት ያልተገራች በቅሎ ጥላቸው ግራ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ ሕመሙ ለቀቃቸው፤ እጁ ግን ዳግመኛ አልታዘዘም። እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በእኛ አገር ወንድ ልጅ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ ሰንጢውን ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ቆርጦ ነው የሚበላ። የገና በዓል ሲደርስ አያ ፈንታው ገና ከአልጋ አልተነሱም ነበር። ቆርጠው ሊያጎርሷቸው ቢሞክሩ፣ «ጉርሻ ለሙሽራና ለሕፃን ነው» ብለው አፋቸውን ገጠሙ። የገናው ሥጋ ሳይቀምሱት አለፈ።

ከጥምቀት በኋላ አጎቴ ጌታው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ብርቄን ሊጠይቁልኝ ሄዱ። አያ ፈንታው ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉ አሉ፦

«ቀድሟችሁ ልጅቷን የጠየቀ የኩልመስክ ሰው ጥማድ በሬ አቅርቧል። በሬ እኔም አለኝ። ልጃችሁ በዚህች በአንድ እጄ ከፍቼ፣ በዚህችው ቆርጬ፣ በዚህችው አጥፌ ኪሴ የምከተው ሰንጢ ለፋሲካ ያምጣልኝ። ያን ያህል ካሰበልኝ እንነጋገራለን። ካላመጣ ልጅቷ ለኩልመስኩ ናት።»

«የማይታጠፍ ቢላስ ምን አለው?» አሉ አጎቴ።

«የጓዳ ቢላ ከሴቶች እየተዋስኩ ልብላ? እኔ ፈንታው?»

አጎቴ ተመልሰው ሲነግሩኝ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። «ሰውየው በግትርነት ከአንተም ይብሳሉ። አንድ ቤት ከገባችሁ ጣራው መነሳቱ ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ሰንጢ ያገኘሁት ቅዳሜ ገበያ ሰይድ ዘንድ ነው። ሰይድ ከወልድያ ባትሪና መርፌ፣ አልፎ አልፎም እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። ያወጣልኝ የባሕር ማዶ ሥራ ነው፤ እጀታው ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲሏት ስለቱ ተፈናጥሮ ይወጣል።

«ወላሂ ይሄን የመሰለ ደሴም የለ» አለኝ። «ይዘኸው ሂድ። ልብህ ካልወደደው ለቅዳሜ ትመልሰዋለህ።»

ምን አለፋችሁ፣ እንቅልፌን እስካጣ ወደድኩት። በሳምንቱ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ለስግደት ስገባም ከኪሴ አልተለየም። ገና ወገቤ ሳይሞቅ፣ ግንባሬ መሬት ሲነካ፣ ኪሴ ውስጥ ጠቅ አለ። ስለቱ ሱሪዬን ቀዶ ጭኔን ወጋኝ። ዘልዬ ተነሳሁ። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ እንደገና ልንበረከክ ስል እንደገና ወጋኝና እንደገና ዘለልኩ። አጠገቤ የነበሩት ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር!»

«ምስጋናው ነኝ አባ። የጌታው የወንድም ልጅ።»

«እሱን አላልኩም። የያዘህን ነው የምጠይቀው።»

«የያዘኝ ሰንጢ ነው፣ አባ።»

ብናገርም ከጠበሉ አልተረፍኩም። ያን የሚያንቀጠቅጥ ውሃ ከአናቴ እስከ እግሬ ለቀቁብኝ። ቅዳሜ ሰንጢውን ስመልስለት ሰይድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አብሽር፣ ሰንጢውም አብሮህ ሊሰግድ ፈልጎ ነው» አለኝና፣ ቆየት ብሎ፣ ሙጃ አጠገብ ወዳለው ቀጥቃጭ ወደ አለሙ ላከኝ። «አፉ አያርፍም፤ እጁም አያርፍም» ብሎ።

ለሙጃው መንገድ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። የበልግ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሮ የታረሰው መሬት ይሸታል። ከፍ ባልኩ ቁጥር ብርዱ ይነክሳል፤ ጅብራው በጉሙ ውስጥ ነጠላ እንደ ለበሰ ሰው ቆሞ ያስደነግጣል። ዳገቱ አናት ላይ በሶዬን በጨው በጥብጬ በቁሜ ጠጣሁ። የበሶ ጣዕም ዳገት ላልወጣ ሰው አይገባውም። ቤት ውስጥ ተቀምጦ በሶ የሚጠጣ ሰው ምን እንደሚጠጣ አያውቅም ባይ ነኝ።

አለሙ በምድር ላይ ከእሱ በቀር ብረት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለውም። ጉዳዬን ነገርኩት።

«ለአማትህ ነው?»

«አማቴ ከሆኑ።»

«በእኔ ሰንጢማ ሆነዋል በል።»

ስለቱን ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቀጠቀጠው። ስለቱ ጀርባ ላይ፣ አውራ ጣት የምትገፋት ትንሽ ጉብታ ከጥይት ቀለህ ናስ ሠርቶ ተከለ። ሁለት ዓይነት እጀታ አዘጋጀ፤ አንዱ የበሬ ቀንድ፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ፤ ሌላው ወይራ። እኔም ግራ እጄን በነጠላ ከወገቤ ጋር አስሬ መሞከር ጀመርኩ። በአውራ ጣቴ እገፋለሁ፣ ቀጭ ይላል። ጠፍር እቆርጣለሁ፣ ጭራሮ እልጣለሁ፣ ጭኔ ላይ ተጭኜ አጥፋለሁ። የአለሙ ጎረቤቶች እጄ የተሰበረ መስሏቸው እግዚአብሔር ይማርህ ይሉኝ ነበር።

ዓይኔ የቀንዱ ላይ ነበር። ደግሞ ያምራል። ግን በዓል ላይ እጅ ጮማ ይነካል ብዬ፣ ጊዜው ጾም ስለሆነ መዳፌን የኑግ ዘይት ቀብቼ ጨበጥኩት። እንደ እንሽላሊት አመለጠኝ። ወይራው ግን ያዘ። አለሙ በዚያ ላይ እጀታውን በሞረድ አሻከረው።

«አስቀያሚ አደረግኸው» አልኩት።

«በዓይናቸው ነው የሚጨብጡት?»

«እሺ፣ ሥጋ ላይስ ሳንሞክረው?»

«በሁዳዴ? ምን ልታደርገኝ ነው አንተ ሰው?»

ወይራውን ወሰድኩ። ለፋሲካ ያደለብኩት ሙክት በዋጋው ለአለሙ ሄደ፤ ቤታችን በዚያ ዓመት በዶሮ ፈሰከ። እናቴ ለብዙ ጊዜ አልረሳችልኝም።

የፋሲካ ዕለት ረፋዱ ላይ አያ ፈንታው ቤት ተሰበሰብን። የቅርጫው ሥጋ ገና ትኩስ ነው። አዋዜው ቀርቧል፤ ጠላው ጌሾው በርትቶበታል። ብርቄ የጓዳው በር ላይ ቆማ እንደማታውቀኝ ታየኛለች። ሰንጢውን ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

አገላበጡት። አውራ ጣታቸውን ናሷ ላይ አሳርፈው ገፉ። ቀጭ። ቤቱ ሁሉ «እሰይ» አለ። ጭናቸው ላይ ተጭነው አጠፉት፤ እንደገና ከፈቱት፤ እንደገና አጠፉት። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በራ። እኔም በልቤ ሠርጌን ደገስኩ።

ከዚያ ሰንጢውን ከፍተው ጭናቸው ላይ አኖሩ። አንድ ረዥም ጮማ አነሱ፣ አዋዜ ነከሩ፣ በጥርሳቸው ያዙ። ሥጋውን ለቀው ሰንጢውን አነሱና ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። ግራ ትከሻቸው በልማዱ ነቅነቅ አለ። እጁ ግን አልመጣም። ሥጋው ከአፋቸው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ስለቱ ሲገፋው አብሮ ይሄዳል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጥሬ ሥጋ አንዱን ጫፍ ጥርስ፣ ሌላውን ጫፍ እጅ ሳይዘው አይቆረጥም። መክፈቻውን አሰብን፣ ማጠፊያውን አሰብን፣ መጨበጫውን አሰብን። ጫፉን የሚይዘውን እጅ እኔም አለሙም ራሳቸው አያ ፈንታውም አላሰብነውም። ጾመኛ ሁሉ ሰንጢውን በጠፍርና በጭራሮ ሲሞክር ከርሞ በምን ያስበው?

አጎቴ ጣራውን ያያሉ። ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። አንድ ሰው ሊረዳቸው ከወንበሩ ብድግ ሲል በዓይናቸው አስቀመጡት። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ መጣ። በቃ፣ ለኩልመስኩ ሰጠኋት አልኩ በልቤ።

ሥጋውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ምስጋናው።»

«አቤት።»

«ሁለት እጅ ይዘህ እዚያ ምን ይገትርሃል? ና ያዝ።»

ሄጄ በግራቸው በኩል ተንበረከክሁና ጫፉን ያዝኩ። መልሰው ነከሱ።

«ሳብ» አሉ በጥርሳቸው መሀል።

«ከሳብኩ ያመልጥዎታል። እርስዎ ይቁረጡ።»

«ሳብ አልኩህ።»

«አልስብም።»

ሰንጢው በእሳቸው አፍንጫና በእኔ ጣት መሀል ሸርተት ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሥጋው ሁለት ሆነ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ፤ ከኅዳር ወዲህ ጥሬ ሥጋ ሲቀምሱ የመጀመሪያቸው ነው።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ፈንታው፣ እሺ ብለሃል ማለት ነው?»

«ቆይ፣ አፌ ሙሉ ነው።» ዋጥ አደረጉ። «ሰንጢ በአፍንጫዬ ሥር ሲያልፍ የሥጋውን ጫፍ ለባዳ አስይዛለሁ እንዴ?»

ጓዳ ውስጥ እልልታው ሲቀልጥ የማን ድምፅ መጀመሪያ እንደወጣ ብርቄ እስከ ዛሬ አታምንም። እኔ ግን ድምፅዋን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ በየበዓሉ በግራቸው የምቀመጥ እኔ ነበርኩ። ወንድ ልጆቻቸው ቢሞክሩ «አትችሉበትም» ይላሉ። የእኔ ምግብ እስኪቀዘቅዝ እይዛለሁ። አንድ ጊዜ በበቅሎ ሽያጭ ተጣልተን ፍልሰታን ሙሉ ሳንነጋገር ቆየን። የፍስኩ ዕለት አስጠሩኝ። «አልታረቅሁህም» አሉኝ። «ግን ና ያዝ።» ያዝኩ። ሳንታረቅ በላን፤ ስንጠግብ ታረቅን።

እንግዲህ ዮናስን ምን ልምከረው? ብረቱ ጥሩ ይሁን፣ ሲከፈት አይወላገድ፣ እጀታው ቅባት ሲነካው አያምልጥ። ይህን ለማንም እነግራለሁ፤ ልክም ነው። ግን ያኔ ይህን ሁሉ አሟልቼ ሄጄ ልጅቷን ያገኘሁት በጎደለው በኩል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አስቦ አይመርጠውም። እንኳንም አላሰብኩት እላለሁ፤ አስቤው ቢሆን አለሙ አንድ መቆንጠጫ ይሠራልኝ ነበር፣ እኔም የበር ላይ እንግዳ ሆኜ እቀር ነበር።

«አባባ፣ ታዲያ የቱ ይሻላል?» አለኝ ልጁ፣ አሁንም እየገፋ።

«የምትበላው ከማን ጋር ነው?» አልኩት።

ጣቱ ቆመ። አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው ቀላ። እኔ ገና ሳይገባኝ ብርቄ ከወዲያ ማዶ ምስሩን መልቀሟን ትታ ቀና አለች።

«የማን ልጅ ናት?» አለችው።