ዕጣ ያወጣው አቋም

የክርክሩ ዕጣ ወጥቶ የከተማው ወገን ለእኔ እንደ ደረሰኝ የሰማሁት ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ነው። «ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል?» ገጠሩ ከኮምቦልቻ ለሚመጡት ደርሷል። ከኋላዬ የቆመችው ልጅ ሳቀችብኝ።

«የገራዶዋ ለከተማ ጠበቃ ልትቆም! በይ እንግዲህ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ስለ እርሻ ያስተምሩሻል።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ከገራዶ ገጠር መጥቼ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ስማር እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቤታችንን ገበና ሰው ፊት እንዳላወጣ። አባቴ የሰፈር ሽማግሌ ነው፤ ሰው ለእርቅ የሚመጣው እኛ ቤት ነው።

የአማርኛ መምህራችን ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ጻፉልን፦ አቋም፣ ምክንያት፣ ማስረጃ፣ ተቃራኒ ሐሳብ፣ ማፍረሻ።

«በአቋምሽ የግድ ማመን የለብሽም» አሉኝ። «ማስረጃሽ ግን ከኑሮ ይሁን። አድማጭ ያየ ሰው ሲናገር ያምናል።»

ያየሁት ደግሞ ቤታችንን ነው።

በዕለቱ ወላጆች ተጠርተው አዳራሹ ሞላ። የኮምቦልቻው ልጅ ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ትኩስ ወተት ሲያወራ ቆይቶ ተቀመጠ። ተነሣሁ።

«ተከራካሪዬ ላም አልቦ አያውቅም» ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ልቤን ነፋው። ጥጆቹ ከእኛው ጋር እንደሚያድሩ፣ ቁንጫው እንደማያስተኛን፣ እናቴ እንግዳ ሲመጣባት እበቱን እየዛቀች እንዴት እንደምትሸማቀቅ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። አባቴን ያየሁት ጭብጨባው ሲበርድ ነው። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

አሸነፍን። ውጭ መምህራችን ሊያስረዱት ሞከሩ።

«አባት፣ ልጅዎ አስባው እኮ አይደለም። ዕጣ ደርሷት ነው።»

«በዕጣ ይመሰከራል እንዴ፣ መምህር?» አላቸው በትሕትና።

አባቴ በሚያውቀው ሸንጎ ለመለማመድ ተብሎ የሚነገር ቃል የለም። የተመሰከረበት ሰው ወይ ያስተባብላል፣ ወይ ይክሳል። እንዳያስተባብል፣ ያልሁት ሁሉ እውነት ነው።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ከጓሮ አዲስ ጋጣ ተሠርቶ አገኘሁ። ጥጆቹ ወጥተዋል። ጎረቤት «ምን ነካህ፣ በዚህ በሥራ ወቅት?» ሲለው፣ «ልጄ በጉባኤ ረታችኝ፤ የተረታ ይክሳል» ይላል፣ ሳይቀልድ። እኔን ግን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ በቀለለኝ።

እናቴ በዚያ ዓመት የማርያምን ዝክር ቤት አልደገሰችም። ጠላውንም ዳቦውንም አሸክማ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው፤ ሰው አብልታ ባዶ እንስራዋን ይዛ ተመለሰች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ዛሬ ጋምቤላ እነዚያኑ ቃላት አስተምራለሁ። «ማስረጃ» የሚለው ላይ ስደርስ ጠመኔው ይከብደኛል። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ መች ዋሸሽና?» አሉኝ። እፍረቱ ግን በዚህ አልተነሣልኝም። አባቴ አርፏል፤ እናቴ አለች፣ ዛሬም እንግዳ ሲመጣባት ደጅ ላይ ቆማ ነው የምትቀበለው አሉ።

በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ፣ የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች፣ በገራዶ ስታልፉ እባካችሁ ቤቷ ግቡ። ደጅ ልታስቀምጣችሁ ብትል እሺ አትበሏት። ግቡና ተቀመጡ፣ ያቀረበችውንም ብሉላት።