የየኔታ የዓይን ጠብታ

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት ባዶ ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «እንደዚህ ያለ አንድ ስጪኝ» አለችኝ። ለዓይን ማሳከክ የሚሰጥ የስቴሮይድ ጠብታ ነው። የሐኪም ማዘዣ እንዳላት ስጠይቃት ፊቷን አጠቆረችብኝ፤ ብልቃጧን አንስታ፣ የቀላ ዓይኗን እያሸች፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው መድኃኒት ቤት ተሻገረች። እዚያ ይሰጧታል። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ክርክር ስከራከር ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። ደክሞኛል። እንዲህ ያለ ቀን የኔታ ትዝ ይሉኛል።

ደርግ ከወደቀ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ ተመርቄ ገበያው ዳር ካለ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ነበር። የኔታ ከጉና ሥር ካለች ደብር ድጓ የሚያስተምሩ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። የድጓ መጽሐፍ ከፊደሉ በላይ የዜማ ምልክት አለው፤ አንዳንዷ ምልክት ከጤፍ ቅንጣት ብዙ አትበልጥም። ዓይን ይጠይቃል። ኅዳር ገብቶ የገብስ ውቂያ ሲጀመር ግን እብቁ በነፋሱ እየመጣ ዓይናቸውን ያሳክካቸው፣ ያስለቅሳቸው ጀመር።

መጀመሪያ የመጡት ይህንኑ ጠብታ ለአንድ ሳምንት የሚል ማዘዣ ይዘው ነው። ዓይናቸው ጠራ። በወሩ ያለ ማዘዣ ተመለሱና «ያቺን ጠብታ ልጄ፤ እሷን ካጣሁ መጽሐፉ ይጠፋብኛል» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከዚያ በየወሩ፣ ሁለት ዓመት ያህል።

አንድ ቀን «ይህን ያህል ጊዜ ስጨምረው ተጠራቅሞ አይጎዳኝም?» ብለው ጠየቁኝ።

የተማርኩትን የማሳይበት ጊዜ ስላገኘሁ ደስ አለኝ። አብዛኛው ጠብታ ከእንባ ጋር ወርዶ በአፍንጫ በኩል እንደሚሄድ፣ ጥቂቱ ብቻ የዓይንን የፊት ሽፋን አልፎ እንደሚገባ፣ ከገባውም ከፊሉን የዓይን ሕዋሳት ራሳቸው እንደሚሰባብሩት፣ የቀረውን የዓይን ውኃ አጥቦ ወደ ደም እንደሚወስደው አስረዳኋቸው። «በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። አይስጉ የኔታ፣ ዓይን ውስጥ አይከርምም» አልኳቸው።

የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። የእውነቱ ግማሽ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት አልፎ ሚያዝያ ላይ ሲገቡ ትከሻቸው ከመዝጊያው ጋር ተጋጨ። ይቅርታ ብለው ሳቁ። ብልቃጡን ሳቀብላቸው ደግሞ እጃቸው አጠገቡ አለፈ። «በጎንዎ ያለው አይታይዎትም?» አልኳቸው።

«ፊት ለፊት ደኅና ነው። ግራና ቀኙ እንደ ጉም ሆኗል። እርጅና ይሆናል» አሉ። ገና ሃምሳ አልሞላቸውም ነበር።

ያን ዕለት ጠብታውን መልሼ ወሰድኩ። በነጋታው ለአሠሪዬ ነግሬ፣ አብሬያቸው ወደ ጎንደር ተሳፈርኩ። ወረታን ስናልፍ ከጨርቅ የቋጠሩትን ቅቅል ድንች አውጥተው በጨው አካፈሉኝ። ሙቀቱ እየበረታ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የደጋ ሰው ስለሆኑ በጋቢያቸው ጫፍ ግንባራቸውን ይጠርጉ ነበር። ስለ ተማሪዎቻቸው አወሩኝ። አንዲትም ቃል አልሰማሁም።

ጎንደር ላይ የዓይን ሐኪሙ የዓይናቸውን ግፊት ለካ፤ ደግሞ ለካ። «ይህን ጠብታ ያለ ምርመራ ሁለት ዓመት ማነው የሰጠዎት?» አለ።

የኔታ «እኔው ነኝ ለምኜ የወሰድኩ» አሉ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አልኩ። «ቶሎ ይወጣል ብዬ።»

ሐኪሙ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የደከመው ይመስል ነበር፤ እንደኔ ያለ ሰው ብዙ ሳያይ አልቀረም። «መድኃኒቱማ ይወጣል» አለ። «የሠራው ሥራ ነው የሚቀረው። የዓይን ውኃ የሚፈስባት ትንሽ ወንፊት አለች። ጠብታው በአንዳንድ ሰው ላይ እሷን ያጠብቃታል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ያይላል፤ ነርቩን ይገድላል። አያምም። ስለማያም ማንም አያውቅም።»

የሞተው ነርቭ እንደማይመለስ ነገረን። ግፊቱን የሚያወርድ ሌላ ጠብታ አዘዘላቸው። ማሳከኩን በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እንዲችሉት መከራቸው።

ከዚያ በኋላ ያን አዲሱን ጠብታ በየወሩ እያወጣሁ፣ እሳቸው መውረድ ሲያቅታቸው፣ በእግሬ ወደ ደብሩ እወጣ ነበር። ዳገቱ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የኔታ በቀረቻቸው ጠባብ ብርሃን ስምንት ዓመት ያህል አነበቡ፤ መጀመሪያ መስመር መስመሩን፣ በኋላ ቃል ቃሉን። ግራ ዓይናቸው ቀድሞ ጠፋ፤ ቀኙ ተከተለ። መጽሐፉን ዘግተው በቃል አስተማሩ። የተማሪ ዜማ ሲሳሳት ከፊደሉ ቀድሞ ጆሯቸው ያገኘው ነበር። በጣታቸው ብራናውን ይዳስሱት እንደነበር ግን አይቻለሁ።

ስሄድ ሁሌ መርቀው ይሸኙኝ ነበር። ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ይቅርታ ለማለት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል። በዚያው ዐረፉ።

አሁን ጉልበቴ ብዙ አያስቆመኝም፤ በሚመጣው ዓመት ሥራ አቆማለሁ ብዬ አስባለሁ። ሰዎች ያ ሁሉ የየኔታ ደግነት አጽናንቶኝ እንደሆነ ይጠይቁኛል። አላጽናናኝም። አንድ ቀን ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ፣ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።